ሳንጋባ መልስ

የቃል አዋላጅ፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም አንድ ነገር ጠይቄያችሁ ነበር። በየቀኑ የሚገጥማችሁን፣ ሁላችንም የምናውቀውን፣ ግን ስም የሌለውን ነገር ላኩልኝ፤ ስም ማውጣቱን ለኔ ተዉት ብዬ። ጉድ ፈላ። ቴሌግራሜ እስኪጨናነቅ ድረስ ላካችሁ። አንዳንዱ ጥያቄ ሳይሆን ብሶት ነው። አንዳንዱ ጭራሽ የባልና ሚስት ጠብ ስለሆነ ለሽማግሌ ትቼዋለሁ። የቀረውን እነሆ።

ለአዲስ አንባቢ ደንቡን ልድገም። ቃሉ ሁለቴ መብራራት ካስፈለገው ሞቷል። ሚኒባስ ውስጥ ጮክ ብላችሁ ስትሉት ከኋላ ወንበር ቢያንስ አንድ ሰው ካልሳቀም ያው ሞቷል፣ ተስካሩን እናውጣ።

ጥያቄ፦ ከመገናኛ ታክሲ ውስጥ ሃምሳ ብር ሰጠሁ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬም ሃምሳ ሰጠ። ወያላው ዞር ብሎ አንድ ድፍን ሃምሳ ብር አምጥቶ መሃላችን ያዘና «የሁለታችሁም መልስ ነው፣ ተካፈሉ» ብሎን ሄደ። ሰውየውን በሕይወቴ አይቼው አላውቅም። አብረን ወረድን፣ አብረን ዝርዝር ፍለጋ ሱቅ ለሱቅ ዞርን። እንደ ባልና ሚስት! ይሄ ነገር ምን ይባላል?
— ባለ ሃያ አምስት ብሯ፣ ከመገናኛ

መልስ፦ እህቴ፣ ስሙን እኮ ወያላው ራሱ ነግሮሻል። «መልስ» ብሏችኋል። በኛ ሀገር ሰው መልስ የሚጠራው ተጋብቶ፣ ሠርጉ ካለፈ በኋላ ነው። እናንተን ግን ሽማግሌ ሳይላክ፣ ጥሎሽ ሳይመጣ፣ ወያላ ብቻውን ዳረና መልስ ጠራችሁ። ስለዚህ ስሙ «ሳንጋባ መልስ» ነው። አነጋገሩም እንዲህ ነው፦ «ዛሬ ከአንድ ጎረምሳ ጋር ሳንጋባ መልስ ወጥቼ ሥራ ሃያ ደቂቃ አረፈድኩ።»

ይሄ ነገር በኔም ደርሷል። ከአንድ ጎልማሳ ሰውዬ ጋር ነበርኩ፣ ሁለታችንም እንቸኩላለን። ብሩን የያዝኩት እኔ ነኝ፣ እሱ ደግሞ ይዤበት የምሮጥ መስሎት ነው መሰለኝ ክንዴ ሥር ሆኖ ይሄዳል። የመጀመሪያው ሱቅ ዝርዝር የለም አለን። ሁለተኛው ካልገዛችሁ አልዘረዝርም አለ። ሦስተኛው ጋ ማስቲካ ገዛን። አምስት ፍሬ ነበረች፣ ሁለት ሁለት ተካፈልንና በአምስተኛዋ ተግደረደርን። «እርስዎ ይውሰዱ።» «ኧረ አንተ ውሰድ።» «ኧረ በፍጹም!» በመጨረሻ ለባለሱቁ ልጅ ሰጥተናት ተለያየን። እንግዲህ ያቺ ማስቲካ ከመልሱ የተገኘች ልጃችን ነበረች፣ በማደጎ ሰጠናት ማለት ነው።

ከመልሱ በኋላ የጀመረ እውነተኛ ትዳር የሚያውቅ አንባቢ ካለ ይጻፍልኝ። ከልቤ ነው።

ጥያቄ፦ ጓደኛዬ ስደውልላት ሁሌ «መንገድ ላይ ነኝ» ትለኛለች። ከጀርባዋ ግን የሻወር ውሃ ይሰማኛል። ምን ልበላት?
— ደጅ ጠኚዋ፣ ከቦሌ መድኃኔዓለም

መልስ፦ «መንገዳይ» በያት። «መንገድ ላይ» የሚለውን ትንሽ ጠቅለል ሳደርገው ሳላስበው ከውስጡ «ገዳይ» ወጣ። እኔ የለሁበትም፣ ቃሉ ራሱ ነው የመሰከረባት። የገደለችው የአንቺን አርባ ደቂቃ ነው።

እግረ መንገዴን የመንገዳዮችን ቋንቋ ልፍታልሽ፣ ለዓመታት ሳጠናው ኖሬያለሁ። «እየወጣሁ ነው» ካለችሽ ገና ብርድ ልብስ ውስጥ ናት። «መንገድ ላይ ነኝ» ካለች ሻወር ገብታለች። «ደረስኩ» ካለች ታክሲ እየጠበቀች ነው። «አንቺ የት ነሽ? ቆሜልሽ እኮ ነው!» ብላ ከጮኸችብሽ ያኔ በእውነት ደርሳለች፣ ያውም አሁን፣ ያውም አንቺ ሰልችቶሽ ውሃ ልትገዢ አንድ ደቂቃ ዞር ስትዪ።

ጥያቄ፦ መንገድ ላይ አንድ ሰው እጁን አውለበለበልኝ። እኔም በደስታ፣ በሁለት እጄ፣ አውለበለብኩ። ሰውየው ለካ ከኋላዬ ላለችው ልጅ ነው። እጄ አየር ላይ ቀረ። መሬት ተሰንጥቆ ቢውጠኝ ብዬ ተመኘሁ።
— ሁለት እጅ ያነሳሁት፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ ወንድሜ፣ አባቶች «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» ሲሉ አንተን ነው ያዩት። ከዚያው ቀንጥበን «ሳቤት» እንልሃለን። «ዛሬ ግዮን ዳር ሳቤት ሆንኩ» ብለህ ለጓደኞችህ አውራ።

የተነሣው እጅ ግን የራሱ ችግር አለው። ዝም ብሎ አይወርድም፣ ሰበብ ይፈልጋል። ጸጉር ያክካል፣ ሰዓት ያያል፣ ታክሲ ያስቆማል። አንድ ሳቤት ጓደኛ አለኝ፣ እፍረቱን ለመሸፈን በእውነት ታክሲ አስቁሞ ወደማያውቀው ሰፈር ሄዷል። በሁለት እጅ ለተነሣው ያንተ ጉዳይ ግን ከመንጠራራት ሌላ መውጫ የለም። አፍህንም ከፈት አድርገው፣ ያዛጋህ ይመስላል።

ጥያቄ፦ ይድረስ ለአዋላጅ ነኝ ባዩ። ከሠላሳ ዓመት በላይ አማርኛ አስተምሬያለሁ። ቃል በሕዝብ አፍ ከዘመን ብዛት ይወለዳል እንጂ በመጽሔት ገጽ ላይ እንደ ጫጩት አይፈለፈልም። ወጣቱ ድሮም «ጀለስ»፣ «ችስታ»፣ «ላሽ» እያለ አፉን አበላሽቷል። አሁን እናንተ ትጨምሩበታላችሁ። ቋንቋውን ተዉት!
— ጡረተኛው መምህር፣ ከደሴ

መልስ፦ ጋሼ፣ በመጀመሪያ ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤዎን ሦስቴ አነበብኩት፣ ሦስተኛውን ጊዜ ቆሜ ነው። ቁጣዎ ገብቶኛል። ግን በትንሹ ይከራከሩኝ።

«ወታደር» የሚለውን ቃል ያስተምሩ ነበር አይደል? «ወጥቶ አደር» ነው ይባላል፤ ከቤቱ ወጥቶ የሚያድር ሰው። አንድ ቀን አንድ ሰነፍ ምላስ ጠቅልሎ ዋጠውና ይኸው ማዕረግ የሚሰጠው ቃል ሆነ። «ወዝአደር»ንስ? ያ ደግሞ በሕዝብ አፍ ከዘመን ብዛት አልተወለደም፣ ጋሼ። በ1966ቱ አብዮት ማግስት ነው አገር ምድሩን ያጥለቀለቀው። ወዝ እና አደር ተጋቡ፤ ጎን ለጎንም «ላብአደር» መጣ። ካድሬ ያስፈልገዋልና ተሠራ፣ ተሰበከ፣ ሰሌዳ ላይ ተጻፈ። እርስዎም በጠመኔ ሳይጽፉት አልቀሩም ብዬ እጠረጥራለሁ፣ ይቅርታ።

ደግሞ የምንደዋወልበትን ነገር ያስቡት። «ስልክ» በዐረብኛ ሽቦ ማለት ነው። ሽቦው ከቀረ ስንት ጊዜው፣ እኛ ግን ኪሳችን ውስጥ ያለውን ሽቦ የሌለውን ዕቃ ዛሬም «ሽቦ» እያልን እንጠራለን። ማንም አልተጎዳም። መኪናችን ከነስሙ፣ ከነጎሚስታው፣ ከነካቻቢቴው የጣልያን ቃል ነው። የምንወርድበት ፌርማታም እንደዚሁ።

«አራዳ»ን ልጨምርልዎ፣ ይሄኛው ልቤን ይነካኛል። አራዳ ሰፈር ነበር፤ ጊዮርጊስ አካባቢ፣ ገበያ ያለበት፣ የከተማው ዓይን የተከፈተበት። በጣልያን ጊዜ፣ ከ1928 እስከ 1933 ባለው፣ ገበያው ወደ አሁኑ መርካቶ ሄደ። ቃሉ ግን አልሄደም፤ ከሰፈር ስምነት ወጥቶ የሰው ጠባይ ሆነ። በ2016 ደግሞ እዚያው አካባቢ እነ ዶሮ ማነቂያ ፈረሱ። እንግዲህ ገበያውም የለም፣ ቤቱም የለም። ሐዋሳ ላይ ተወልዶ ፒያሳን ያልረገጠ ልጅ ግን ዛሬ ጓደኛውን «አንተ አራዳ!» ይለዋል። ሰፈር ሲፈርስ ቃሉ ቆሞ ሲቀር አይተን ቃልን እንዴት እንናቅ?

በአንድ ነገር ግን ረተውኛል። የማይጣበቅ ነገር በሙጫ የሚያጣብቁ አሉ። ባለፈው አንድ አንባቢ ቡና እየጠጣ ፎቶ የሚለጥፍን ሰው «ቡናስታግራመር» በሉት ብሎ ልኮልኛል። ጋሼ፣ ይሄን ባዩ የሚሉትን ስለማውቅ ቀድጄ ጣልኩት። ቃሉ የአማርኛ አጥንት የለውም። ለእርስዎ መታረቂያ የሚሆን አጥንት ያለው ቃል ይዣለሁ፦ «ስልክ አደር»። እንደ አርሶ አደር፣ እንደ አርብቶ አደር። ሌሊቱን ብርድ ልብስ ውስጥ ተጠቅልሎ፣ ፊቱ በስልክ ብርሃን ሰማያዊ ሆኖ የሚያነጋው የልጅ ልጅዎ ማለት ነው። ቢወዱት ነገ ጠዋት ይጥሩት።

ጥያቄ፦ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ምሳ በልተን ሂሳብ ሲመጣ ጦርነት ነው። አንዱ የአንዱን እጅ ይይዛል፣ «በሞቴ!» «እናትህ ትሙት!» ይባላል፣ አስተናጋጇ መሃል ቆማ ትጨነቃለች። ባለፈው የሸሚዜ ቁልፍ ተበጠሰ። ለዚህ ስም የለውም ወይ? ደግሞ ከመሃላችን አንዱ እጁን ኪሱ ውስጥ ከቶ በዚያው ይቀራል። ለእሱም ስም ይገኝ።
— ቁልፍ የጎደለው፣ ከሜክሲኮ

መልስ፦ ክፍያ አለ። ልፊያ አለ። አንድ ላይ ሲሆኑ «ክፍልፊያ» ነው። ከዚህ የተሻለ ቃል በዚህ ዓመት አላዋለድኩም፣ ጉራዬን ቻሉት።

እናቶቻችን ልፊያ መጨረሻው ለቅሶ ነው እያሉ ይገሥጹን ነበር። ክፍልፊያም ያው ነው፤ ልዩነቱ እዚህ የሚያለቅሰው ያሸነፈው መሆኑ ነው፣ ያውም ቤቱ ገብቶ በሩን ከዘጋ በኋላ። የጨዋታው ዳኛ አስተናጋጇ ናት። እጆች ሁሉ ወደሷ ሲዘረጉ አንድ ጊዜ ዙሪያውን ታያለች፣ ከዚያ ዕድሜው ገፋ ያለውን፣ ወይም ባለፈው ጉርሻ ደህና አድርጎ የሰጣትን ሰውዬ ብር ትቀበላለች። ይግባኝ የለም። የተሸነፈው ብሩን አጣጥፎ በአሸናፊው ኪስ ሊወሽቅ ይሞክራል፣ ይሄ ሁለተኛው አጋማሽ ነው። ቁልፍህ የተበጠሰው በዚህኛው ይመስለኛል። ቴሌብር ከመጣ ከ2013 ወዲህ ጨዋታው ትንሽ ተለውጧል። የሚወሸቅ ብር ጠፋና ስልኩን ቀድሞ የከፈተ ያሸንፋል። ጣቱ በጥብስ ቅባት የወዛ ሰው አሻራው አይነበብለትም፣ በዚያው ወደቀ።

ብልጦቹ ግን ክፍልፊያ ውስጥ አይገቡም። «እጄን ልታጠብ» ብለው ይነሡና በዚያው ካሸሯ ጋ ከፍለው ይመጣሉ። ስለዚህ በደንቡ እንመዝግበው፦ «እጁን ታጠበ» ማለት ሳይነግረን ከፈለልን ማለት ነው። ጲላጦስ እጁን የታጠበው ከነገሩ ልውጣ ብሎ ነበር፤ የኛ ሰው ግን እጁን ሲታጠብ ዕዳው ውስጥ ዘሎ ይገባል።

ኪሱ ውስጥ እጁ የቀረው ወዳጅህ «ኪስ ዳባሽ» ይባላል። እጁ ገብቶ የጠፋ ቁልፍ እንደሚፈልግ ሰው ይዳብሳል፣ ፊቱ ላይ የሐሳብ ደመና አለ። እጁ የሚወጣው ሂሳቡ ሲከፈል ነው፤ ያውም ስቴኪኒ ይዞ። ግን አትጨክኑበት። ወር መጨረሻ ላይ እኔም ስዳብስ ተይዣለሁ። ከ25ኛው ቀን በኋላ የተደረገ ዳበሳ በኛ ደንብ አይቆጠርም።

ጥያቄ፦ የምኖረው አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ሐበሻ ቤት ተጠርተን እንሄዳለን። እኔ «በሉ እንግዲህ እንሂድ» ስል ልጆቼ ካሉበት ንቅንቅ አይሉም። ለምን ስላቸው «ገና ነው» ይሉኛል። ልክ ናቸው! ሶፋው ላይ እንሰናበታለን። ቆመን እንሰናበታለን። በር ላይ እንሰናበታለን። መኪና ጋ ደርሰን ሞተር ተነሥቶ መስኮቱ ይወርድና ቁም ነገሩ ያኔ ይጀመራል፣ ማን ታመመ፣ ማን ቤት ገዛ። ባለፈው ልጄ «ማሚ፣ ይሄ ምን ይባላል?» አለችኝ። መልስ አጣሁ።
— ሞተር አስነሥታ የቀረችው

መልስ፦ ልጅሽ ጎበዝ ናት፤ ጨዋታ መሆኑ ገብቷታል። አማርኛ ደግሞ ለጨዋታ የተዘጋጀ ቅርጽ አለው። መደበቅ ሲሆን ድብብቆሽ እንላለን፣ ድንጋይ እየወረወሩ መቅለብ ሲሆን ቅልልቦሽ። መሰናበትን እዚያው ቅርጽ ውስጥ ክተቺው፦ «ስንብብቶሽ»። አየሽ፣ እኔ ምንም አልፈጠርኩም፣ ቅርጹ አፍሽ ውስጥ ተቀምጦ ነበር።

ደንቡን ለልጅሽ ንገሪያት። «በሉ እንግዲህ» የመጀመሪያው ፊሽካ ነው፣ ማንም አይነሣም። «ኧረ ተቀመጡ፣ ምን አስቸኮላችሁ?» የሚል ካልመጣ እንግዳው ይቀየማል። ቋጥራችሁ የምትሄዱት ዳቦ ወይም እንጀራ ካልወጣ ጨዋታው አልተጋመሰም። መስታወት ወርዶ የሚወራው ደግሞ የመጣችሁበት ዋናው ጉዳይ ነው። አራት ሰዓት ሙሉ ሳሎን ውስጥ ያልተነገረ ነገር፣ ሞተር ሲነሣ ነው የሚነገረው። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ምናልባት ፊት ለፊት ተቀምጠን የምንፈራውን በመስኮት በኩል መናገር ይቀለን ይሆናል። እናቴ የወንድሜን መታመም የሰማችው እንዲያ ነው፣ አንድ እግሯን ታክሲ ውስጥ አስገብታ።

የዚህ ታናሽ እህትም አለ። ሁለት ጓደኛሞች ማታ ሲለያዩ አንዱ ሌላውን ቤቱ ድረስ ይሸኛል። ተሸኚው ደግሞ «ብቻህንማ አትሄድም» ብሎ ሸኚውን መልሶ ይሸኛል። እንደዚያ ሲመላለሱ ይመሻል። እሱ «ሽኝኝቶሽ» ነው። የፍቅረኛሞች ሲሆን ደግሞ ማቆሚያ የለውም።

ጥያቄ፦ ለቅሶ ቤት ሄጄ አንዲት ትልቅ ሴትዮ ሁለት ጉንጬን ይዘው «አወቅኸኝ?» አሉኝ። «አዎ» አልኩ። «እስቲ ማን ነኝ?» አሉ። ሰው ሁሉ ያየኛል። አላወቅኋቸውም። ላብ በላብ ሆንኩ። ይሄን ግፍ የሚገልጽ ቃል ስጠኝ።
— ጉንጩ የተያዘው፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ ይሄ ጥያቄ ደስ ብሎኝ ነው ያደርኩት። አማርኛ ሰው የሚለውን ነገር ራሱን ይዞ ስም ማድረግ ይችልበታል። እልል ሲሉ እልልታ፣ ኡኡ ሲሉ ኡኡታ፣ አቤት አቤት ሲሉ አቤቱታ። ከሁሉም የምወደው ግን «ይሉኝታ»ን ነው። «እንዲህ ይሉኛል» ብሎ መፍራት። አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር፣ ያውም የሰፈሩን ሰው ሁሉ ሐሜት የያዘ፣ አንድ ቃል ውስጥ ታጭቆ። ስለዚህ ያንተ ግፍ «ማነኝታ» ነው። «አክስቴ ለቅሶ ላይ በማነኝታ ገደሉኝ።»

ማነኝታ ፈተና ነው፣ ያውም ምርጫ የሌለው፣ ክፍት ጥያቄ። ፍንጭ የሚሰጡህ ይመስላል፦ «ሕፃን ሆነህ አዝዬሃለሁ እኮ!» ይሉሃል። ይሄ ፍንጭ አይደለም፤ ያን ጊዜ ያላዘለህ ሰው የለም። ሁለተኛው ስሕተት መገመት ነው። አንድ ዘመዴ «እትዬ አስካለ!» ብሎ ገመተ። አስካለ ለካ ከሴትዮዋ ጋር በመሬት የሚካሰሱ ሰው ናቸው። በዚያ ቀን ሁለት ለቅሶ ሆነ።

የማውቀው ማምለጫ አንድ ነው። እጃቸውን ያዝና ሳመው፣ ዝቅ ብለህ «እንዴት ነዎት? ቤተሰብ ሁሉ ደህና ነው?» በላቸው፣ ቶሎ ቶሎ፣ ትንፋሽ ሳትሰጥ። እናትህ እስክትመጣ ጊዜ ግዛ። እናትህ ከመጣች በስማቸው ትጠራቸዋለች፣ ያኔ «እሱንማ!» ትላለህ።

ግን ትንሽ ቆይተህ ምን እንደሚመጣ ልንገርህ። ባለፈው ሳምንት የጎረቤቴን ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ከተመለሰች በኋላ ደረጃ ላይ አገኘኋት። ጉንጯን ያዝኩ። «አወቅሽኝ?» የሚል ድምፅ ሰማሁ። የኔ ነበር።

አጭር አጭሩን

አንድ አንባቢ ከጎንደር፣ «አንድ ያጣላል» ተብሎ ሁለተኛ፣ ከዚያ ሦስተኛ ጉርሻ ሲደገም የሚመጣው የመንጋጋ ሕመም ስሙ ማነው ይላል። ቁርጥማት የሚባል አለ አይደል? ይሄ «ጉርሽማት» ነው። መድኃኒቱ አጉራሹን ቀድሞ ማጉረስ ነው፣ በትልቁ።

ከአዳማ፣ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ካለቀ በኋላ ጀበናው ውሃ ተጨምሮበት ስለሚቀዳው አራተኛ ተጠየቅሁ። ውስጡ ቡና የለም፣ ወሬ ብቻ ነው ያለው። «ወሬካ»። ከሰፈር ቡና የምትቀሩ ሰዎች ልብ በሉ፣ ስማችሁ የሚነሣው በወሬካ ላይ ነው።

ስንሳሳም እሱ በቀኝ ሲመጣ እኔም በቀኝ ሄጄ አፍንጫና መነጽር ተጋጨን ላልሽው፦ ስሕተት ሳይሆን «ስምተት» ነው። ሦስት ነው አራት የምንሳሳመው በሚለው ተለያይታችሁ አንድ ጉንጭ አየር ላይ ከቀረም ያው ስምተት ነው።

«እሺ» ብሎ የማያደርገውን ሰው ምን እንበለው ላልከው የግንባታ ባለሙያ፦ እሺታውን «እሽምቢ» በለው፣ እሺም እምቢም ነው። «እሺ ይበልጣል ከሺ» ቢሉም እሽምቢ አንድ ብር አታወጣም። ቧንቧ ሠሪዬ ከሦስት ሳምንት በፊት እሽምቢ ብሎኝ ይኸው ውሃው እስካሁን ባልዲ ውስጥ ይንጠባጠባል፣ ይሄን ስጽፍም ይሰማኛል።

ከውጭ መጥቶ በየዓረፍተ ነገሩ «እኛ ጋ እንዲህ አይደለም» የሚል ዘመድ ስም ይውጣለት ላላችሁት ብዙዎች፣ አትድከሙ። ስሙን ራሱ ይዞት መጥቷል፦ «እኛጋ»። «እኛጋው መቼ ነው የሚሄደው?» ሲመለስም እዚያ ላሉት ስለ አዲስ አበባ «እኛ ጋ» እያለ ያስቸግራቸዋል አሉ፤ ሁለቱም ጋ እኛጋ ነው፣ እሱን ሳስብ ትንሽ ያሳዝነኛል።

የመጨረሻ ጥያቄ፦ ባለፈው እትም «ሹክ ወራጅ» የሚል ቃል አውጥተህ ነበር። ዓይን አፋር ሆኖ «ወራጅ አለ» የሚለውን እንደ ምስጢር አንሾካሹኮ፣ ማንም ሳይሰማው፣ ከፌርማታው ሁለት ፌርማታ አልፎ የሚወርድ ሰው ነው ብለህ። ትናንት በሳሪስ ታክሲ ውስጥ ሰማሁት! ከኔ በፊት ያለው ሰውዬ ሂሳብ ሳይከፍል ሹልክ ብሎ ሲወርድ ወያላው በመስኮት ወጥቶ «አንተ ሹክ ወራጅ!» ብሎ ጮኸበት። ግን እኮ ትርጉሙን አበላሸው። ማስተካከያ አትጽፍም?
— ታማኝ አንባቢህ፣ ከሳሪስ

መልስ፦ መጀመሪያ ደስ አለኝ። ቀጥሎ ተናደድኩ። ያን ቃል ሳወጣ ራሴን ነበር ያሰብኩት፤ እኔ ነኝ ድምፄ የማይሰማው፣ እኔ ነኝ ጎተራ ልወርድ ብዬ ቄራ የምገኘው። ለኔ ዓይነቱ ሰው ያዘጋጀሁትን ስም ሌባ ለበሰው።

ከዚያ ወያላው ያለውን ደጋግሜ ለራሴ አልኩት። ሹክ ወራጅ። ሹልክ ብሎ የወረደ። ከኔው ይልቅ የሱ ይጣፍጣል። ደግሞ እሱ በቀን ስንት ሰው ጆሮ ውስጥ ይጮኻል፣ እኔ በወር አንዴ ነው የምጽፈው። ማስተካከያ የለም። ቃሉ የሱ ነው።

ለኛ ለዓይን አፋሮቹ ሌላ ስም እስካገኝ ግን ስም አልባ ሆነን እንቀመጣለን። ሐሳብ ያላችሁ ላኩልኝ። ገጹም አለቀ።

ወራጅ አለ። ሰማችሁኝ?